ትንፋሽ ቆጣሪው ጋሽ ይርሳው

የጋሽ ይርሳውን ሞት የነገረኝ የቢቸና ሚኒባስ ሾፌር ነው። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ፣ «እኚያ ሰውዬህ፣ ትንፋሽ ቆጣሪው፣ አረፉ እኮ። አልሰማህም?» አለኝ። እኔ ሞጣ ባለችው የእንስሳት መድኃኒት ቤቴ በር ላይ አንድ ካርቶን መድኃኒት ታቅፌ ቆሜ ነበር። ካርቶኑን የት እንዳኖርኩት አላውቅም፤ በማግስቱ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ከጨርቆቹ መሃል አግኝቶ አመጣልኝ።

ስማቸው ይርሳው ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስም እንዲያው አይወጣም። ከእሳቸው በላይ የነበረው ልጅ ሞቶ ኖሮ፣ አባት ሐዘኑን ይርሳው ተብሎ ነው የወጣላቸው። «እኔ የተወለድኩት ለማስረሳት ነው» እያሉ ይቀልዱ ነበር። መርሳትስ ለእኔ አዲስ አይደለም፤ የኮሌጅ መምህሮቼን ግማሹን በስም አላስታውስም፣ የራሴ ስልክ ቁጥር እንኳ አንዳንዴ ይጠፋኛል። ጋሽ ይርሳውን ግን አልረሳም። ምክንያቷ አንዲት ድመት ናት ብል ሰው ይስቅብኝ ይሆናል። ይሳቅ።

ከሾፌሩ ተለይቼ በቀጥታ የሄድኩት ወደ እማማ ዘሃራ ሱቅ ነው። እማማ ዘሃራ ገበያው አጠገብ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ የሚሸጡ፣ ባለቤታቸው ሐጅ ከሞቱ ጀምሮ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። ብቻቸውን ስል ከድመታቸው ጋር ማለቴ ነው። ሻሼ ትባላለች፤ ገላዋ ግራጫ ሆኖ ራሷ ላይ ሻሽ ያሰረች ይመስል ነጭ ናት። ያን ቀን እንደ ልማዷ ጆንያ ላይ ተኝታለች፤ አርጅታለች።

ነገሩን ስነግራቸው «ኢናሊላሂ» አሉ። ከዚያ ከምስማሩ ላይ የሐጅን መቁጠሪያ አወረዱ። ሠላሳ ሦስት ፍሬ አላት፤ ከሠላሳኛው ፍሬ በኋላ ቀይ ክር ታስሮባታል።

«ይችን ክር ያሰሩልኝ ሰው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ።»

ክሩን በአውራ ጣታቸው አሹት። የዚያን ክር ነገር ሳልናገር ጋሽ ይርሳውን ተናገርኩ ማለት አልችልም።

ቢቸና የተመደብኩት ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነው። ጋሽ ይርሳው ያኔ የክሊኒኩ አንጋፋ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። አጭር፣ ደንዳና፣ በጋ ከክረምት ቦት ጫማ የማያወልቁ፣ ማሰሪያ የሌለው ሰዓት በደረት ኪሳቸው የሚይዙ ሰው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ። «ቅኔ ስዘርፍ አድጌ መርፌ ስወጋ አረጀሁ» ይሉ ነበር። ቃል አይጥሉም፤ ሰው የጣለውንም ቃል አንስቶ ማገላበጥ ይወዱ ነበር።

አሠራራቸው ሰው ያስቆጣል። እኛ ከብት በመጣ ቁጥር ቴርሞሜትር ይዘን ስንሮጥ፣ እሳቸው ዱካቸውን በር ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። በሬው እዚያ፣ እሳቸው እዚህ። ሰዓታቸውን ያወጣሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የበሬው ጎን ከፍ ዝቅ ሲል እየተከተሉ ትንፋሹን ይቆጥራሉ፤ ሙሉ ደቂቃ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛትን እንደ ስርቆት ነበር የሚያዩት።

«ምን ይጠብቃሉ ዶክተር? ገበያው ሊፈታ እኮ ነው!» ይላል ባለበሬው።

«እስኪረሳኝ ነው የምጠብቀው።»

«ማን?»

«በሬህ ነዋ። የፈራ እንስሳ ትንፋሹን ያበዛብኛል። ሲረሳኝ እውነቱን ይነግረኛል። ስሜ ይርሳው አይደል?»

አንዲት አባባልም ነበረቻቸው። «እንስሳ አይዋሽም፤ ባለቤቱ ይዋሻል፤ ሐኪሙ ደግሞ ሁለቱንም ያስከነዳል።» ይህን ሲሉ ሰው ሁሉ ይስቃል። እኔም እስቅ ነበር፤ ሐኪሙ እኔ መሆኔ አልታየኝም።

በገበያ ቀን የሚመጣ ሰው ሕክምና ሳይሆን መርፌ ነው የሚፈልገው። ሳይወጋ የተመለሰ ከብት እንዳልታከመ ይቆጠራል። ከመርፌዎቹ ሁሉ የሚወደደው ደግሞ እኛ ዴክሳ የምንለው ስቴሮይድ ነበር። ዴክሳ የተወጋ በሬ እብጠቱ ይቀንሳል፣ በማግስቱ ተነስቶ ይበላል፣ ባለቤቱም ይመርቃል። በሽታው ግን ብዙ ጊዜ ከውስጥ እንዳለ ነው። ጋሽ ይርሳው ዴክሳንና ወንድሞቹን በሙሉ «አጨብጫቢው» ይሏቸው ነበር። «መድኃኒትስ መድኃኒት ነው፤ ስንቱን አትርፎልኛል። ግን ሲያጨበጭብልህ አንተ ያዳንክ ይመስልሃል።»

አንድ ቀን አንድ ሰው በቅሎውን እየጎተተ ከየጁቤ መጣ። ጋሽ ይርሳው እንደ ልማዳቸው ተቀምጠው ቆጠሩ፣ ተነስተው ዳሰሱ፣ እግሯን አዩ።

«በቅሎህ ደክሟታል እንጂ አልታመመችም። ውሃ ስጣትና ጭነት አሳርፋት» አሉት።

«አይወጉልኝም እንዴ?»

«ለምኑ?»

«ኧረ በሥላሴ! ከየጁቤ ድረስ መጥቼ?»

«ለመንገዱ ርቀት ብዬ ልውጋት?»

ሰውዬው እየተራገመ ሄደ። እኔም አዘንኩለትና፣ «ጋሼ፣ ለደንቡ ያህል ውሃ እንኳ ብንወጋላቸውስ?» አልኩ። «ውሃውስ ውሃ ነው፤ መርፌው ግን ውሸት ይሆናል» አሉኝ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሰውዬው በዚያችው በቅሎ ላይ ተቀምጦ በክሊኒኩ በር አለፈ። ሰላም አላለንም። ግን እንድናያት ብሎ ቀስ አድርጎ ነበር ያሳለፋት።

ይህን ሁሉ አይቼ፣ ይህን ሁሉ ተምሬ፣ ሞጣ ሄጄ የራሴን ቤት ስከፍት ሁሉንም ረሳሁት። የመድኃኒት መደርደሪያዬ ሙሉ ነው፣ ነጭ ጋዋን አሰፍቻለሁ፣ ሰው «ዶክተር» ይለኛል፤ ዶክተር አይደለሁም ብዬም አላረምኩም። በቤቴ በር ላይ ዱካ አላኖርኩም። የተቀመጠ ሐኪም ሥራ የፈታ ይመስላላ!

እማማ ዘሃራ ሻሼን በዘንቢል ይዘው የመጡት በዚያ ዘመን ነው። አንገቷን እያከከች አቁስላዋለች፤ ፀጉሯ ሳስቷል። «ሐጅዬ ከጆንያ መሃል አግኝቶ፣ ወተት በጣቱ እያጠባ ያሳደጋት ናት። ሲሰግድም ከአጠገቡ አትጠፋም ነበር። እንግዲህ ከእሱ የቀረችኝ እሷ ናት» አሉኝ። ጭብጧቸውን ዘንቢሉ ላይ አጥብቀው ነበር የሚያወሩት። እኔም ደረቷን ሳልሰማ፣ ትንፋሿን ሳልቆጥር፣ ለሳምንታት የሚቆየውን የስቴሮይድ ዓይነት ወጋኋት። ዘንቢሉ ከገባ እስኪወጣ አንድ አፍታ ነው።

በአራተኛው ቀን ማከኳ ጠፋ። እማማ ዘሃራ ደስታቸውን ለገበያው ሁሉ ነገሩ፤ «አላህ እጅህን ይባርከው» እያሉ መረቁኝ። አጨብጫቢው ሥራውን ሠራ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ።

«ዶክተር፣ ማከኩ ትንሽ ጀምሯታል። እሱስ ምንም አይደል። ግን ልቧ ሸፍቷል።»

እኛ ጋ ልቡ ሸፈተ የሚባለው ሐሳቡ ከቤት ለወጣ ሰው ነው፤ ፍቅር ለያዘው ወይ ሌላ አገር ለከጀለ። እኔም ሳቅኩ።

«ምን ሆነች ደግሞ?»

«እኔ እንጃላት። ጭኔ ላይ አትወጣም። ጆንያውም ላይ መዝለል ትታለች። ቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ደረቷን ዘርግታ ግድግዳ ስታይ ነው የምትውለው።»

«እማማ፣ ወጣት አይደለች? የሰፈር ጎረምሳ አይታ ይሆናላ!»

«ኧረ ተው አንተ ልጅ!» ብለው አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው ሳቁ። እየተሳሳቅን ሁለተኛውን መርፌ ወጋኋት።

ከዚያ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እማማ ዘሃራ ያለ ጫማ መጡ። ሻሼ ዘንቢሉ ውስጥ እንደ ውሻ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። ጎኗ ይርገበገባል፤ ምላሷ ጠቁሯል። የሳንባ ምች መሰለኝ። ባንድ እጄ ለሳንባ ምች የሚሆነውን መድኃኒት ቀዳሁ፤ በሌላው እጄ «ለማንሻ ያህል» ብዬ ዴክሳ አነሳሁ። ሦስተኛ መሆኑ ነው።

«የሐጅዬን ድመት አትግደልብኝ ልጄ» አሉ እማማ ዘሃራ። አልጮሁም። ልመና ነበር። እጄ ቆመ፤ ቢቸና ደወልኩ።

«ምን ምን ወጋሃት?» አሉኝ ጋሽ ይርሳው ነገሬን ሰምተው።

ነገርኳቸው።

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ።»

ለምን እንደዋሸሁ ዛሬም አላውቅም። ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ተናገረ። በስልኩ ውስጥ ዱካቸውን ሲያስጠጉ ሰማሁ።

«አሁን በእጅህ ያለውን ሁሉ አስቀምጥ። ድመቷን ጸጥ ያለ ክፍል አስገባት፤ አትጫናት፣ በአፏ ምንም አታስገድዳት። ከዚያ ቁጠር። ሙሉ ደቂቃ። ስልኩን አትዝጋው።»

ቆጠርኩ። ስልሳ ስምንት መጣ።

«የሚያሸናውን መርፌ ከሰው መድኃኒት ቤት ፈልግ» አሉና መጠኑን በክብደቷ አስልተው ነገሩኝ። «እኔ ሚኒባስ ልያዝ።» ከቢቸና ሞጣ ለአንዲት ድመት! የክሊኒኩ ዘበኛ ሲስቅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ፣ ሻሼን ወዳሳረፍንበት ወደ እማማ ዘሃራ ሱቅ ጓዳ ደረሱ። ሻሼ የሚያሸናውን ወስዳ ጥቂት ተንፈስ ብሎላታል፤ አፏን ዘግታለች። ጋሽ ይርሳው ለእማማ ዘሃራ እጅ ነሱ፣ ዱካ ጠየቁ፣ በር ላይ ተቀመጡ። ሻሼ እስክትረሳቸው ጠበቁ። ከቆጠሩ በኋላ ቀስ ብለው ተጠግተው በማዳመጫው ደረቷን ሰሙ። ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰኩልኝ።

«ምን ትሰማለህ?»

«ይፈጥናል።»

«ደህና አድርገህ ስማ። ጤነኛ ልብ ሁለት ኮቴ ነው ያለው። ይቺ ሦስት አላት፤ የበቅሎ ሶምሶማ ነው የምትመታው። ሳንባዋም ውሃ አለበት።» ሳያዩኝ ጠየቁኝ። «ስንት መርፌ ነው ያልከኝ?»

«አንድ።»

ወደ እማማ ዘሃራ ዞሩ። «እማማ፣ ስንት ጊዜ አምጥተዋት ነበር?»

እማማ ዘሃራ የደንበኞቻቸውን አያት ስም ሳይቀር የሚያውቁ ሴት ናቸው። አዩኝ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር ከእሳቸው ዓይን ገባኝ።

«እኔ እንጃ ልጄ» አሉ። «እርጅና ነው፤ አላስታውስም።»

ድመታቸው እየሞተች እኔ እንዳላፍር ሸፈኑኝ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት ያነስኩበት ጊዜ የለም።

ጋሽ ይርሳው አልተቆጡም። ማዳመጫቸውን አጣጥፈው ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ ለማንም ሳይሆን ለሻሼ የሚያወሩ ይመስል ጀመሩ።

«ቢቸና አጠገብ አንድ መሪጌታ አሉ። የብራና መጻሕፍታቸውን ከአይጥ የምትጠብቅላቸው ድመት ነበረቻቸው። ሦስት ዓመት ያልሞላት። እንዲሁ እያከካት አመጧት፤ ወጋኋት። ተመለሰች፤ ወጋኋት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ አፏን ከፍታ ነበር፤ ያኔም ወጋኋት። እጄ ላይ ሞተች። ለመሪጌታ ምን አልኳቸው? ዕድሜዋ ነው አልኳቸው። የሦስት ዓመት ድመት! አመስግነው መረቁኝ። እስከ ዛሬ መንገድ ባገኙኝ ቁጥር ይመርቁኛል። የማይገባኝ ምርቃት ከእርግማን ይከብደኛል። ምን እንደገደላት የገባኝ በኋላ ነው፤ የተማሩትን ጠይቄ፣ አንብቤ።»

የሻሼ ትንፋሽ ብቻ ይሰማል።

«ሁለት ነው ጋሼ» አልኩ። «ሁለተኛውን ከሦስት ቀን በፊት ነው የወጋኋት። ልቧ ሸፍቷል ሲሉኝ ስቄ ወጋኋት።»

ስድብ ጠበቅኩ። ጋሽ ይርሳው ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው በራ።

«እሰይ!» አሉ። «እንግዲያው ተስፋ አለ።»

እማማ ዘሃራም እኔም አልገባንም። እንዲህ ብለው አስረዱን። አንዳንድ ድመት የልቧ ግድግዳ ሳይታወቅ የደነደነ ነው፤ ከላይ ስታያት ጤነኛ ናት። ይህ መርፌ ደግሞ በደሟ ውስጥ ስኳር ያበዛል። «ስኳር እንደ ጨው ነው እማማ፤ ያለበት ቦታ ውሃ ይጠራል። ውሃው ወደ ደም ሥሯ ይገባል፤ የደነደነው ልብ ያን ሁሉ መግፋት ያቅተዋል፤ ውሃው ወደ ሳንባ ይመለሳል። ደረቷን ሲሚንቶ ላይ ዘርግታ የምትውለው ትንፋሽ አጥሯት ነው። በሽታው እንዲሁ ከራሷ የመጣ ቢሆን ተስፋው ጠባብ ነበር። መርፌው ገፍቶ ያመጣው ከሆነ ግን መርፌው ከሰውነቷ ሲወጣ ልቧ ሊመለስ ይችላል። ሁልጊዜ አይደለም፤ አልምልም። ግን ይችላል።» ወደ እኔ ዞሩ። «ጥፋትህ ነው ተስፋዋ። ደብቀኸው ልትቀብራት ነበር።»

እማማ ዘሃራ መሬት መሬት አዩ። «እኔም አውቄ ነው ዝም ያልኩ» አሉ። «አሳዘነኝ።»

«እማማ፣ ይሉኝታዎ ደግ ነው። ለድመት ግን አይሆንም» አሏቸው ጋሽ ይርሳው። ከዚያ ሳቅ እያሉ ጉልበቴን መታ አደረጉት። «አንተስ የጎጃም ሰው ሆነህ! ልቧ ሸፍቷል ሲሉህ ወርቁን ፍለጋ ሄደህ ሰሙን ረገጥከው። ሴትዮዋ ቅኔ አልዘረፉልህም። ልቧ ሸፍቷል ያሉህ ልቧ ሸፍቶ ነው።»

ማከኩንም አዩት። ነጭ ወረቀት አርጥበው ዘረጉና የሻሼን ወገብ በጥቅጥቅ ማበጠሪያ አበጠሩላት። ጥቋቁር ፍርፋሪ ወረቀቱ ላይ ወረደ፤ እርጥበቱ ሲነካው ቀላ። የቁንጫ ኩስ ነው፤ የጠጣው ደም ነው የሚቀላው። «ለቁንጫ ነው ይህን ሁሉ መድፍ የተኮስክባት» አሉኝ። ጆንያዎቹ ፀሐይ ላይ እንዲወጡ፣ ወለሉ እንዲታጠብ፣ ድመቷ በየቀኑ እንድትበጠር አዘዙ።

የቀረው አንድ ነገር ነው። የሚያሸናው መድኃኒት መጠን እንደ ትንፋሿ ስለሚጨመርና ስለሚቀነስ፣ ሻሼ ስትተኛ ትንፋሿ በየቀኑ መቆጠር አለበት። ከሠላሳ ካለፈ ለእኔ መደወል ነው። እማማ ዘሃራ፣ «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ፤ እየቆጠርኩ ሐሳቤ ይሄዳል፤ ይጠፋብኛል» አሉ። ጋሽ ይርሳው ግድግዳውን ቃኙ፤ የሐጅ መቁጠሪያ ምስማሩ ላይ ተንጠልጥላለች።

«ስንት ፍሬ ናት?»

«ሠላሳ ሦስት።»

«የእኛ አርባ አንድ ናት፤ ለድመት ትበዛለች። የእናንተ ትሻላለች፤ ሦስቷን ብቻ እንተዋት።» ግን አልነኳትም። «ለዚህ መሆኗ ነውር ከሆነ ይንገሩኝ፤ ሌላ እንፈልጋለን» አሉ።

እማማ ዘሃራ አሰቡ። «አላህ የሰጣትን ትንፋሽ ልቆጥርበት አይደል? ሐጅዬም ደስ ይለዋል» አሉና ቀይ ክር ፈትለው አቀበሉ። ጋሽ ይርሳው ከሠላሳኛው ፍሬ በኋላ አሰሩት። ከሐጅ መቁጠሪያ ጋር የቅኔ ቤቱ ሰው ጣቶች ሲጠነቀቁ አየሁ። ደቂቃዋ ስትሞላ የስልካቸው ደወል ይነግራቸዋል፤ እሳቸው በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ ፍሬ ያሳልፋሉ።

ማታውኑ ሊመለሱ ሲሉ ወደ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። «ጋሼ፣ አንድ ነው ብዬ ስዋሽ ያውቁ ነበር፤ ለምን አልተቆጡኝም?» አልኩ።

«ብቆጣህ አንድ ባልከው ላይ ትጸና ነበር» አሉኝና ሚኒባሱ ውስጥ ገቡ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት እማማ ዘሃራ መቁጠሪያዋን ዞረው እንደገና ይጀምሩ ነበር። ከዚያ አንድ ዙር ከጥቂት ሆነ። ከዚያ፣ «ዶክተር፣ ክሩን በአራት አለፈች»፣ «ዛሬ ክሩን ነካች» እያሉ ይደውሉልኝ ጀመር። መድኃኒቱን እየቀነስን ሳምንታት አለፉ። አንድ ጠዋት ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም የለ፤ «ከክሩ በታች! ሃያ አራት! ጆንያው ላይ ወጥታለች!» ብለው ጮኹብኝ። አለቀስኩ ብል አላፍርም። ለጋሽ ይርሳው ስነግራቸው፣ «ልቧ ከሽፍትነት ገባ በላ» አሉና ስልኩን ዘጉት።

ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ቤቴ በር ላይ ዱካ አለ። ዴክሳንም አልጣልኩትም፤ ጋሽ ይርሳውም ጣለው አላሉኝም። «ከመውጋትህ በፊት ልቧን ልብ በል» ነው ያሉኝ። ውሸቴን ለማንም ሰው ሳይናገሩ ኖሩ። ብዙ ሰው ሙያ አስተምሮኛል፤ እኔ ነኝ ማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ለዚህ ነው ውለታቸው የማይወጣልኝ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋቸው ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። መታመማቸውን ሰምቼ መንገዱ ክፍት በሆነ ቀን ቢቸና ሄድኩ። እግራቸው አብጧል። መተኛት ስላቃታቸው በትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ልጃቸው በር ላይ ተቀብላኝ፣ «ደህና ነዎት እያልናቸው ነው፤ እንዳታስደነግጣቸው» አለችኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። በሩ አጠገብ ካለው ዱካ ላይ ተቀመጥኩ። እስኪረሱኝ ጠበቅኩ። ስልኬን አውጥቼ ቆጠርኩ።

«ስንት መጣ?» አሉ፤ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።

ልጃቸው ከኋላቸው ጣቷን አፏ ላይ አደረገች። ሃያ ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«ሠላሳ አራት ጋሼ።»

«ሙሉ ደቂቃ?»

«ሙሉ ደቂቃ።»

«እኔም ያንኑ ነው ያገኘሁት» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ። «ሁሉም ደህና ነህ ይለኛል። ከክሩ አልፌያለሁ እኮ።» ልጃቸው ፊቷን አዞረች። እሳቸው ግን ጠሯት። «አሁን መሪጌታን ጥሩልኝ። የድመታቸውን ነገር ሳልነግራቸው አልሄድም።»

መሪጌታ በዱላቸው ተመርተው መጡ፤ ዘጠና ሳይሞላቸው አይቀርም። ጋሽ ይርሳው ከትራሱ ቀና አሉ። በአንድ ትንፋሽ ሊጨርሱት አልቻሉም፤ እያረፉ ተናገሩት። «መሪጌታ፣ ያቺ ድመት ዕድሜዋ አልነበረም። ሦስት ጊዜ ወግቼ የገደልኳት እኔ ነኝ። ዋሽቼዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

መሪጌታ ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። ብዙ አሰቡ።

«የቷ ድመት?» አሉ።

ጋሽ ይርሳው አፍጥጠው አዩዋቸው። ከዚያ ሳቅ ጀመራቸው። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ልጃቸው ደንግጣ ውሃ አመጣች። እሳቸው ግን እንባቸውን እየጠረጉ ሳቁ። «ይህን ሁሉ ዓመት ሲመርቁኝ ስንት ቀን መንገድ ቀይሬ ሄጃለሁ!»

«እኔማ ያገኘሁትን ሁሉ እመርቃለሁ» አሉ መሪጌታ። «ስምህ ይርሳው አይደል? እኔ ረስቻታለሁ፤ አንተም ተዋት። እግዜር ይፍታህ።» እጃቸውንም በጋሽ ይርሳው ራስ ላይ ጫኑ።

ጋሽ ይርሳው ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ይህን ምርቃት ብቻ ነው ሳይከብዳቸው የተቀበሉት። ልወጣ ስል በሩ ላይ ቆሜ እንደገና ቆጠርኩ። ሠላሳ ሁለት መጣ። ቅናሿ ትንሽ ናት፤ ግን ሙሉ ደቂቃ ነው የቆጠርኩት።